ዘለላውን ሳይበትኑ

በቀዶ ሕክምና ክፍሉ ጥግ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ በደቀቀ በረዶ በተከበበ ሰፊ ሳሕን ውስጥ፣ የአንድ ሟች ጉበት፣ ጨጓራ፣ ቆሽት፣ ጣፊያና ትንሹ አንጀት እንደተያያዙ ተቀምጠዋል። ደማቸው ታጥቦ ስለወጣ ገርጥተዋል። የተነከሩበት ፈሳሽ በአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የተቀመመ ነው፤ ብልትን ከሰውነት ውጭ ለሰዓታት ያቆያል። ቅዝቃዜው 4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ሁለት ቀዶ ሐኪሞች ማጉያ መነጽር አድርገው ጎንበስ ብለዋል። ፈሳሹን በደም ቅዳው በኩል ገፋ ያደርጉና የሚያንጠባጥብ ቀዳዳ ባዩ ቁጥር በክር ያስሩታል። አሁን ሳይታሰር ያመለጠ ቀዳዳ ኋላ በታማሚው ሆድ ውስጥ ይደማል።

ጊዜ የለም። ኩላሊት በበረዶ ውስጥ ሆኖ አንድ ቀን ያህል ይታገሣል፤ ጉበትም ግማሽ ቀን ሊደርስ ይችላል። አንጀት ግን ቶሎ ይበላሻል፤ ሐኪሞቹ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ደም ቢያገኝ ይመርጣሉ። ስለዚህ ከጠረጴዛው ጥቂት እርምጃ ርቆ ባለው አልጋ ላይ ሌላ ቡድን የታማሚውን ሆድ ባዶ እያደረገ ነው።

እንዲህ ያለ ሌሊት በፒትስበርግ፣ በማያሚ፣ በእንግሊዟ ካምብሪጅና በጣት በሚቆጠሩ ሌሎች ሆስፒታሎች አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የብዙ ሆድ ዕቃ ብልቶች ንቅለ ተከላ ይባላል። አንድ ብልት መተካት ይህን ያህል ከከበደ አምስቱን ባንድ ጊዜ መተካት አምስት እጥፍ ይከብዳል ብሎ ማሰብ ያለ ነው። በስፌቱ ረገድ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የዚህ ቀዶ ሕክምና ጥበብ ያለው ባለመቁረጥ ላይ ነው፤ ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብልቶች ለምን እንደተያያዙ እንደተቀመጡ ለመረዳት ታሪኩን ከሥሩ ማየት ይጠይቃል።

በጁን 1894 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ በሊዮን ከተማ በሠረገላ ሲያልፉ አንድ ኢጣሊያዊ አናርኪስት በጩቤ ወጋቸው። ጩቤው የአንጀትን ደም ሰብስቦ ወደ ጉበት የሚያደርሰውን ትልቅ ደም መልስ ቆረጠ፤ ሐኪሞች ፖርታል ቬይን ይሉታል። የዘመኑ ቀዶ ሕክምና የተቆረጠ ትልቅ ደም ሥር መስፋት አይችልም ነበርና ፕሬዚዳንቱ ደማቸው ፈስሶ ሞቱ። በዚያው ከተማ አሌክሲስ ካሬል የሚባል ወጣት ሕክምና ያጠና ነበር። ነገሩ አንገበገበው። በሐርና በጥልፍ ሥራ ስሟ ከገነነው ከተማ አንዲት ጥልፍ ጠላፊ ፈልጎ በረቂቅ መርፌ መስፋትን ተማረ። በ1902 ደም ሥርን ከደም ሥር ጋር የሚያጋጥምበትን ዘዴ አሳተመ፤ ክቡን አፍ በሦስት ክሮች ወጥሮ ሦስት ማዕዘን ያደርገዋል፣ ከዚያም እያንዳንዱን ቀጥ ያለ ጎን ለብቻው ይሰፋል። በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። ሰውየው በኋላ ዘመኑ የሰውን ዘር መርጦ ማራባት ይገባል የሚለውን አስተሳሰብ የሰበከ፣ ለመውደድ የሚያስቸግር ሰው ሆነ። ስፌቱ ግን እስከ ዛሬ በእያንዳንዱ የንቅለ ተከላ ክፍል ውስጥ አለ።

ካሬል የተቆረጠ ደም ሥር እንደሚሰፋ አሳየ። ከስድሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሌላ ሐኪም ፖርታል ቬይኑን ጨርሶ ሳይቆርጡ ማለፍ እንደሚቻል አሳዩ።

ቶማስ ስታርዝል በ1960 አካባቢ በቺካጎው ኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ በውሾች ላይ ሙከራ ያደርጉ ነበር። ጉበት፣ ጨጓራ፣ ቆሽት፣ ጣፊያና አንጀትን ሳይነጣጥሉ ከአንዱ ውሻ አውጥተው ለሌላው ተከሉ። ውሾቹ ከጥቂት ቀናት በላይ አልኖሩም፤ ሰውነት ባዕድ ብልትን እንዳይገፋ የሚያደርግ የረባ መድኃኒት በዚያን ጊዜ አልነበረም። ይሁን እንጂ የተያያዙት ብልቶች አዲስ ሆድ ውስጥ ገብተው ደም እንደሚዘዋወርባቸው ታየ። ስታርዝል በኋላ ዘመን ሥራቸውን ሲያስረዱ የሆድ ዕቃ ብልቶችን በወይን ዘለላ መስለዋቸዋል። ፍሬዎቹ ብልቶቹ ናቸው፤ ግንዱ ሁለት ደም ቅዳዎች።

ምሳሌው ለማሳመር የተነገረ አይደለም፤ የሰውነት አሠራር ራሱ እንዲያ ነው። ከልብ የሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ አኦርታ ወደ ሆድ ሲወርድ ሁለት ቅርንጫፎችን በቅርብ ርቀት ያወጣል። የመጀመሪያው ሴሊያክ የሚባለው ሲሆን ጉበትን፣ ጨጓራንና ጣፊያን ይመግባል። ሁለተኛው የላይኛው ሜሴንቴሪክ ነው፤ አብዛኛውን ትንሹን አንጀትና የትልቁን አንጀት ግማሽ ያህል ያጠጣል። ቆሽት መካከል ላይ ስለተጋደመ ከሁለቱም ይቀበላል። የሁለቱ ቅርንጫፎች መነሻ እጅግ ስለሚቀራረብ ቀዶ ሐኪሙ ሁለቱንም የያዘ አጭር የአኦርታ ቁራጭ ቆርጦ ማውጣት ይችላል። የሚመለሰው ደም ደግሞ ከአንጀቱም፣ ከቆሽቱም፣ ከጣፊያውም በፖርታል ቬይን በኩል ወደ ጉበት ይገባል፤ ከጉበት ወጥቶ ወደ ልብ ይሄዳል። ጉበት በዘለላው ውስጥ ካለ ይህ ሁሉ መንገድ እንዳለ ይቆያል። ደም በአንድ በኩል ይገባል፣ በአንድ በኩል ይወጣል። የዘለላው የደም ሥር ስፌትም ሁለት ብቻ ይሆናል። ዘለላውን ፍሬ በፍሬ የለቀመ ሐኪም ግን ለእያንዳንዱ ፍሬ አዲስ ማንጠልጠያ መሥራት ይኖርበታል፤ የሐሞት ቱቦውንም ሳይቀር።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚያስፈልገው ማን ነው? ብዙ ጊዜ ሕፃናት ናቸው። አንጀቱ በማኅፀን ሳለ ከሆዱ ውጭ ያደገ፣ ያለ ጊዜው ተወልዶ አንጀቱ የሞተበት፣ ወይም አንጀቱ በራሱ ላይ ተጠማዝዞ ደም የተቋረጠበት ልጅ ቀሪው አንጀት ለኑሮ አይበቃውም። ከአዋቂዎች ደግሞ የአንጀታቸው ደም ሥር በረጋ ደም የተዘጋባቸው፣ ወይም ዴስሞይድ የተባለ፣ ወደ ሌላ ቦታ የማይዛመት ግን ያገኘውን የሚያንቅ ዕጢ በደም ሥሮቹ ሥር የተጠመጠመባቸው አሉ። አንጀት ያጣ ሰው ከ1960ዎቹ በፊት ይሞት ነበር። በፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ስታንሊ ደድሪክ በ1968 የተሟላ ምግብ በትልቅ ደም መልስ በኩል በማንጠባጠብ ሰውን ማኖር እንደሚቻል አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሌሊት ሌሊት ከረጢት ሰቅለው፣ በደረታቸው በገባ ቀጭን ቱቦ እየተመገቡ ይኖራሉ። ለብዙዎቹ ይህ በቂ ነው። ለአንዳንዶቹ ግን ያው ሕይወታቸውን ያቆየው ምግብ ጉበታቸውን ያጠፋል፤ ቱቦው እየመረቀዘ፣ ደም ሥሮቹም አንድ በአንድ እየተዘጉ ሄደው ቱቦው የሚገባበት ቦታ ይታጣል። ወደ ንቅለ ተከላው የሚላኩት እነዚህ ናቸው።

ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍሉ እንመለስ። ሰው ከሚገምተው በተቃራኒ የሌሊቱ ክፉ ሰዓት አዲሱ ብልት የሚገባበት አይደለም፤ አሮጌው የሚወጣበት ነው። ታማሚው ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ተቀዷል፤ አንጀቱ፣ ጉበቱና የሆዱ ግድግዳ በጠባሳ ተጣብቀዋል። ፖርታል ቬይኑ የተዘጋ ከሆነ ደሙ መንገድ ሲያጣ በጠባሳው ውስጥ መቶ ቀጫጭን ደም መልሶችን ከፍቷል፤ ቢላ የነካው ሁሉ ይደማል። ስለዚህ አንዳንድ ማዕከሎች ከቀዶ ሕክምናው በፊት ታማሚውን ወደ ራጅ ክፍል ይወስዱታል። በብሽሽት በኩል በገባ ቱቦ እነዚያን ሁለት ደም ቅዳዎች ከውስጥ ይደፍኗቸዋል። ሊወጡ የተፈረደባቸው ብልቶች ደም እንዲቋረጥባቸው ይደረግና ከዚያ በኋላ መቁረጥ ይቀላል። ጭካኔ ይመስላል፤ ታማሚውን ከደም መፍሰስ የሚያድነው ግን እሱ ነው።

ብልቶቹ ሲወጡ የሚቀረው ሆድ እንግዳ ነገር ነው። ከኋላ ኩላሊቶቹ፣ መካከል ላይ አኦርታና ከጎኑ ወደ ልብ የሚመለሰው ትልቁ ደም መልስ፣ ከታች የትልቁ አንጀት ቁራጭ፣ ከላይ የጨጓራ ጫፍ። ሌላው ባዶ ነው። ማደንዘዣ ሐኪሟ ደም፣ ካልሲየምና የልብ መድኃኒት አዘጋጅታ ትጠብቃለች።

መጀመሪያ የሚሰፋው ብልት ሳይሆን ቧንቧ ነው። ከዚያው ለጋሽ ደረት የተወሰደ የአኦርታ ቁራጭ በታማሚው አኦርታ ላይ ይገጠማል፤ ዘለላው ከበረዶው ሳይወጣ ይህ አስቀድሞ ያልቃል። ክሩ ከጸጉር ብዙም አይወፍርም። ከዚያ ዘለላው ይነሣል። ሁለት ሰው ነው የሚይዘው፤ ያዳልጣል፣ ይከብዳል፣ አንጀቱ ከተጠማዘዘ ደግሞ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። የአዲሱ ጉበት መውጫ ከታማሚው ትልቅ ደም መልስ ጋር ይሰፋል፤ ቀጥሎ የዘለላው ግንድ ቀድሞ ከተዘጋጀው ቧንቧ ጋር ይጋጠማል። መቆንጠጫው ይለቀቃል።

በበረዶ የቆየው ብልት ውስጥ ያለው ቀዝቃዛ፣ አሲዳማና በፖታሲየም የተሞላ ፈሳሽ በአንድ ጊዜ ወደ ልብ ይመጣል። የደም ግፊት ያሽቆለቁላል፤ ልብ የሚቆምበትም ጊዜ አለ። ማደንዘዣ ሐኪሟ ስትጠብቅ የነበረው ይህችን ደቂቃ ነው። ከተሻገሯት ግን ገርጥቶ የነበረው አንጀት ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እየቀላ ይሄዳል፤ ጥቂት ቆይቶም ማንም ሳያዘው መኮማተር ይጀምራል።

የቀረው የቧንቧ ሥራ ነው፣ ግን ቸል የሚባል አይደለም። የታማሚው የጨጓራ ጫፍ ከአዲሱ ጨጓራ ጋር ይሰፋል። አዲሱ ጨጓራ ነርቮቹ ስለተቆረጡ የታችኛው በሩን በራሱ አይከፍትም፤ ስለዚህ ሐኪሙ የበሩን ጡንቻ ቀዶ ያላላዋል። ከታች ትንሹ አንጀት ከቀረው ትልቁ አንጀት ጋር ይገጠማል፤ አንዱ ጫፉ ግን በሆድ ግድግዳ በኩል ወደ ውጭ እንዲወጣ ይደረጋል። ይህ ለወራት የሚቆይ መስኮት ነው። ጣፊያው አብሮ የመጣው የቆሽቱን ደም ሥር ላለመጉዳት ነበር፤ ብዙ ጊዜ ከዘለላው ላይ ይወገዳል።

ከዚያ ሆዱ አልዘጋ ይላል። ለዓመታት ባዶውን የኖረ ሆድ ይሰበሰባል። ስለዚህ ለጋሹ ከተቀባዩ በሰውነት አነስ እንዲል ይፈለጋል፤ ለሕፃን ደግሞ ከእርሱ የሚያንስ ለጋሽ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ማሰብ ይከብዳል። በማያሚ ያሉ ሐኪሞች የለጋሹን የሆድ ግድግዳ፣ ቆዳና ጡንቻውን፣ አብሮ መትከልን ጀመሩ፤ በ2003 ውጤቱን አሳተሙ። የኦክስፎርድ ቡድን ደግሞ በዚያ ላይ አንድ ብልኃት ጨመረ፤ ከዚያው ለጋሽ ቁራጭ ቆዳ በተቀባዩ ክንድ ላይ ይተክላሉ። ቆዳው ሽፍታ ሲያወጣ ውስጥ ያለው አንጀትም በአደጋ ላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው፤ በዓይን ይታያል።

ያለመቁረጡ ብልኃት ሁልጊዜ ግልጽ አልነበረም። ጉበትና አንጀት ብቻ ለሚያስፈልጋቸው ልጆች ሐኪሞች መጀመሪያ ላይ ቆሽቱን ከዘለላው ላይ ቆርጠው ይጥሉት ነበር፤ ምክንያቱም የማያስፈልግ ብልት ለምን ይተከላል? ውጤቱ ግን የሐሞት ቱቦውን እንደገና መስፋት፣ ፖርታል ቬይኑንም ተራቁቶ እንዲጠማዘዝ ማጋለጥ ሆነ። በኔብራስካ፣ ኦማሃ ያሉ ሐኪሞች በ1990ዎቹ ቆሽቱንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ እንዳለ ተዉት። ትርፍ ቆሽት ማንንም አይጎዳም። የሐሞት ቱቦው ሳይነካ ቀረ፤ ልጁም ሁለት ቆሽት ይዞ ይኖራል። በዚህ ሙያ ውስጥ ከሚያስደንቁኝ ውሳኔዎች አንዱ ይህ ነው፤ መተው የሚያስፈልገውን ማወቅ ከመቁረጥ የበለጠ ዕውቀት ይጠይቃል።

በተቃራኒው ደግሞ የታማሚው ጉበት ጤነኛ ከሆነ እሱ በቦታው ይቀርና ጨጓራ፣ ቆሽትና አንጀት ብቻ ይተከላሉ። ያኔ ፖርታል ቬይኑ መቆረጡና ከታማሚው ጋር መሰፋቱ ግድ ነው። የካሬል መርፌ ተመልሶ ይመጣል።

የዚህ ዕውቀት ሌላ ውጤት በ2008 ማያሚ ውስጥ ታየ። ቶሞአኪ ካቶ የሚመሩት ቡድን በደም ቅዳዎቹ ሥር ዕጢ የተጠመጠመባትን ታማሚ ጨጓራ፣ ቆሽት፣ ጣፊያ፣ ጉበት፣ ትንሹንና ትልቁን አንጀት አውጥቶ በበረዶ ላይ አስቀመጠ፤ ዕጢውን እዚያ ጠረጴዛ ላይ ቆርጦ ጣለ፤ የራሷንም ብልቶች መልሶ ተከለላት። ለጋሽ አላስፈለገም፤ ብልቶቹ የራሷ ስለሆኑ የመከላከያ አቅም ማፈኛ መድኃኒትም አላስፈለገም።

መትከሉ እንግዲህ በ1960ም በመጠኑ ይታወቅ ነበር፤ ማቆየቱ ግን አልተቻለም። አንጀት ምግብ ማሳለፊያ ቱቦ ብቻ አይደለም። ከውጭው ዓለም ጋር ያለማቋረጥ ስለሚገናኝ ግድግዳው በነጭ የደም ሴሎች የታጨቀ ነው፤ ውስጡ ደግሞ በባክቴሪያ። ስለዚህ ጦርነቱ በሁለት ወገን ነው። ተቀባዩ አንጀቱን ይወጋል፣ ከአንጀቱ ጋር የመጡት የለጋሹ ሴሎችም ተቀባዩን ይወጋሉ። ውጊያውን በመድኃኒት ሲያፍኑት በልጅነት አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት የማያደርሰው ኤፕስታይን ባር የሚባል ቫይረስ መረን ወጥቶ ነጭ የደም ሴሎችን ወደ ዕጢነት ሊለውጥ ይችላል።

በኖቬምበር 1 ቀን 1987 በፒትስበርግ፣ በስታርዝል ቡድን እጅ፣ ለአንዲት የሦስት ዓመት ሕፃን ጉበት፣ ጨጓራ፣ ቆሽትና አንጀት በአንድነት ተተከለላት። ከዚያ በፊት በ1983 በሰው ላይ የተደረገው ሙከራ በደም መፍሰስ አልቋል። ሕፃኗ ስድስት ወር ገደማ ኖረች፤ የገደላትም የብልቶቹ መገፋት አልነበረም፤ ያ በታፈነ መከላከያ ውስጥ የሚበቅለው የደም ሴል ዕጢ ነበር። ስታርዝል ይህን በ1989 ሲያሳትሙ ሽንፈትም ድልም ነበር። በ1988 በካናዳ፣ ኦንታሪዮ ውስጥ ባለችው ለንደን ከተማ፣ ዴቪድ ግራንት የሚመሩት ቡድን ለአንዲት ሴት ጉበትና አንጀት ባንድ ላይ ተክሎ ለረጅም ጊዜ እንድትኖር አደረገ። ለውጡን ያመጣው ግን አፈር ነው። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ1984 ከጹኩባ ተራራ አካባቢ አፈር ውስጥ ካገኙት ባክቴሪያ ታክሮሊመስ የሚባል መድኃኒት አወጡ፤ ከ1989 ጀምሮ በፒትስበርግ በሰው ላይ ተሠራበት። የአንጀት ንቅለ ተከላ ከሙከራ ወደ ሕክምና የተሸጋገረው ከዚያ በኋላ ነው፤ የአሜሪካ መንግሥት የጤና መድን ወጪውን ለመሸፈን የወሰነው በ2000 ነው።

ስታርዝል በሕይወት ታሪካቸው ከእያንዳንዱ ቀዶ ሕክምና በፊት ፍርሃት ያንገላታቸው እንደነበር ጽፈዋል። ይህን ሁሉ የደፈረ ሰው ይፈራ እንደነበር ማወቅ ደስ ይለኛል። በ2017 ዐረፉ።

ዛሬም ቢሆን ስለ አንጀት መገፋት በእርግጠኝነት የሚናገር የደም ምርመራ የለም፤ ለኩላሊት እንዳለው ያለ። ለዚህ ነው ያ በሆድ ላይ የተተወው መስኮት የሚያስፈልገው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በሳምንት ሁለት ጊዜ ያህል በኢንዶስኮፒ፣ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ገብተው ናሙና ይወስዳሉ። ዘለላው ጉበትን የያዘ ከሆነ አንጀቱ ብቻውን ከተተከለው ይልቅ ባነሰ ሁኔታ ይገፋል፤ ጉበት አብሮት የመጣውን ይጠብቃል። ውጤቱ ከኩላሊትና ከጉበት ንቅለ ተከላ ገና ወደኋላ ነው፤ ከአንድ ዓመት በኋላ አብዛኞቹ በሕይወት ይገኛሉ፣ አምስት ዓመት ሲሞላ ግን ግማሽ ያህሉ ብቻ።

ቁጥሩ ወደ ላይ እየወጣ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም። በአሜሪካ አንጀትን የሚያካትቱ ንቅለ ተከላዎች በ2007 ወደ 200 ከተጠጉ በኋላ ቀንሰው ወደ መቶ ገደማ ወርደዋል፤ በዚያው አገር በዓመት ከ10 ሺህ በላይ ጉበት እየተተከለ። ምክንያቱ ደስ የሚል ነው። በደም ሥር የሚሰጠው ምግብ ተሻሽሏል፤ ከዓሣ ዘይት የተሠራ ቅባት የሕፃናትን ጉበት ከጉዳት እየታደገ ነው፤ የቀረው አንጀት የበለጠ እንዲመጥ የሚያደርግ ቴዱግሉታይድ የተባለ መርፌ በ2012 ጸድቋል። ቀዶ ሐኪሞቹ ሊሠሩት የለፉበት ነገር ፈላጊው እያነሰ ነው፤ የቀሩት ታማሚዎች ደግሞ ከቀድሞዎቹ ይልቅ የታመሙ፣ ይበልጥ የተወሳሰቡ ናቸው።

እኛ ዘንድ፣ በኢትዮጵያ፣ የአንጀት መጠማዘዝ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከሚያበቁ የአንጀት መዘጋት ምክንያቶች በዋነኞቹ ተርታ ውስጥ ነው። ሆድ ተከፍቶ አንጀቱ በሙሉ ጠቁሮ ሲገኝ ቀዶ ሐኪሙ ቤተሰቡን ጠርቶ ከማነጋገር በቀር ብዙ አማራጭ የለውም። አዲስ አበባ ላይ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላን በ2015 ጀምሯል፤ ለጋሾቹ ግን በሕይወት ያሉ ዘመዶች ናቸው። ዘለላ ከሕያው ሰው አይወሰድም። ስለዚህ ከቀዶ ሐኪም እጅ በፊት የሚያስፈልገው አንጎሉ የሞተን ሰው እንደ ሟች የሚቀበል አሠራርና የቤተሰብ ፈቃድ ነው፤ ከእርሱም በፊት የተጠማዘዘው አንጀት ሳይጠቁር ታማሚው ሆስፒታል መድረሱ። ለእኛ የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ነው።

ንቅለ ተከላው የሰመረላቸው ልጆች ሌላ ችግር ይጠብቃቸዋል፤ መብላት አያውቁም። ከተወለዱ ጀምሮ በደም ሥር ሲመገቡ የኖሩ ስለሆነ አፋቸው የሚያውቀው ቱቦና መድኃኒት ነው። ሆዳቸው አሁን ይሠራል፣ እነርሱ ግን ማንኪያ ሲያዩ ይሸሻሉ። የምግብ ማስለመጃ ባለሙያዎች ከመንካት ይጀምራሉ፤ ቀጥሎ ማሽተት፣ ቀጥሎ በከንፈር ማስነካት። ይህ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይወስዳል። እስከዚያው ምግቡ ሌሊት ሌሊት በቱቦ በቀጥታ ወደ አዲሱ ሆድ ይገባል።